እራት ያልሆነችው

ናፖ ወንዝ ከሚመነጭበት፣ ከአንዲስ ምሥራቅ ተዳፋት፣
ጉም እንደ ታጠበ ጨርቅ ዛፍ ላይ ተሰጥቶ በሚያድርበት፣
ኔልዳ ነጭ አንሶላ ወጠረች፤ ጄኔሬተሩን አስነሥታ
አምፖሏን አበራችው፣ ልክ ሲሆን አንድ ሰዓት ማታ።

መጡ።
አቧራ የለበሱ፣ የወርቅ ጭረት የነካቸው፣
እንደ ከረመ ደብዳቤ የታጠፈ ክንፋቸው፣
ግንባራቸውን ከጨርቁ እያላተሙ የሚወድቁ፣
ወድቀው እንደገና የሚነሡ፣ ለምን ብለው የማይጠይቁ።
«የእሳት እራት» ብሎ ስም ያወጣላቸው አልዋሸም፤
ምግቡ በገዛ ክንፉ መጣ፣ ከገበታው አልሸሸም።
ኔልዳ ትቆጥራለች፤ ይህን ታውቀዋለች፣ ያንንም ታውቀዋለች፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስትጽፍ ኖራለች።

አባቷ ቬናንሲዮ ሽንቱ ቢመጣበት
ከአንሶላው ጀርባ ዞረ፣ ጨለማው ወደ ጠናበት፤
እጁ ቀበቶው ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።
(ሽንቱም ፈርቶ ተመለሰ፣ ኋላ እንደ ተናገረ።)
«ልጄ፣ እዚህ ከፈርኑ ሥር አንዲት አኩራፊ አለች፤
ሁሉ ወደ ድግሱ ሲጋፋ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች።»

በነጋታው፣ ቴና ከተማ፣ ከአጉሊ መነጽሩ ሥር፣
ኔልዳ መዝገብ ከፈተች፤ አባቷ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ ሊመሰክር፦

የክንፍ ስፋት፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሠላሳ አንድ ሚሊሜትር።
የፊት ክንፍ፦ አመድማ፤ ዝናብ የመታው አመድ ዓይነት፤ ሥሩ ዝንጉርጉር።
የኋላ ክንፍ፦ ነጭ፤ ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር፣
ሰው በእስክሪብቶ ጀምሮ፣ ተጠርቶ ሄዶ፣ የተወው ነገር።
ጆሮ፦ ከሆዷ ሥር፣ ግራና ቀኝ፤ እንደ ከበሮ የተወጠረ፤
የሌሊት ወፍ ሲጮኽ የሚሰማ፣ ለሌላ ወሬ ያልተፈጠረ።
ዓይን፦ ያንሳል፤ ከዘመዶቿ ዓይን በግማሽ ያንሳል፤
ዙሪያውን ጥቁር ቅርፊት፣ ሽፋሽፍት መስሎ፣ ብርሃን ይመልሳል።

«ሽፋሽፍት!» አለ ቬናንሲዮ፤ «ለዚህ ነዋ ያልተታለለችው።»
ኔልዳ «ምናልባት» አለች፤ «ምናልባት»ን ሁለቴ ጻፈችው።

አፍ፦
መነጽሩን ወለወለች። እንደገና አየች።
ምላስ የለም። ቱቦ የለም። የጉሮሮ በር የለም።
አፍ ሊሆን ከሚገባው ቦታ ለስላሳ ቆዳ ብቻ አገኘች።
«ታዲያ ምን በልታ ትኖራለች?»
«ትል ሳለች በልታለች፤
አሁን በዚያ ጥጋብ ስድስት ሌሊት ትበራለች።»
ጻፈች፦ «አትበላም።»
አላልቶ ያነበበው፣ አጥብቆም ያነበበው አልሳተም፤
እራት የማታውቅ፣ እራትም ሆና ያልቀረበች ለማንም።

ግን በመልክ ብቻ ዝርያ አይጸድቅም፤
እህትማማች በክንፍ ይመሳሰላሉ፤ ሕጉ ክንፍ አያምንም።
ምስክሩ ከሆድ ጫፍ ነው፣ ጥንድ ከጥንዱ በሚገጥምበት፣
እያንዳንዱ ዝርያ የራሱን ቁልፍ፣ የራሱን በር በሠራበት።
ስለዚህ ኔልዳ ሆዷን ቆረጠች፤ ከፖታሽ ውኃ ጨመረች፤
የአልኮል መብራት ለኮሰች፤
ብልቃጧን ከሰማያዊው ነበልባል ላይ አስቀመጠች።

ፈላ። ሁለቱም ዝም አሉ።
«ከዚህ ነው'ኮ የሸሸችው» አለ ሽማግሌው፤ ያ ብቻ ነበር ቃሉ።

አሥራ አንድ እሾህ አገኘች፣ ከምሥጢር ከረጢቷ ውስጥ፣ በቀለበት የተሰደሩ፤
በየትኛውም የሙዚየም መሳቢያ፣ በዘመዶቿ ዘንድ ያልነበሩ።
አዲስ ናት።
ኔልዳ ግን አልጨበጨበችም። እጇን ታጠበች፣ ሁለቴ፣ በሳሙና፤
ካርዱ ላይ ከፍታውን ጻፈች፣ ቀኑን፣ «ያገኛት፦ ቬናንሲዮ ሺጉዋንጎ»፤
የስሟን ቦታ ግን ዘለለች፣ ብዕሯ እምቢ አለና።

አንሶላው አሁንም በየማታው ይወጠራል።
ቬናንሲዮ ሽንቱ ሲመጣ ረጅሙን ዞሮ ይሄዳል፤
ባትሪውን ያጠፋል፤
ከፈርኑ ሲደርስ ይስላል።